ሰይጣን ቤት

አዲስ አበባ ውስጥ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ አንድ ሲኒማ ቤት ተከፍቶ ነበር። ባለቤቶቹ ያወጡለትን ስም ዛሬ የሚያስታውስ ብዙ ሰው የለም። ሕዝቡ ያወጣለት ግን እስካሁን አለ፤ «ሰይጣን ቤት»። በጨለማ ክፍል ግድግዳ ላይ ሰው ሲራመድ፣ ፈረስ ሲጋልብ ማየት ለዚያ ዘመን ሰው የጤና ነገር አልመሰለውም። በነገራችን ላይ ሲኒማ አገራችን የገባው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። በ1890 ዓ.ም ገደማ አንድ ፈረንሳዊ ያመጣውን መሣሪያ የኢጣሊያው መልእክተኛ ቺኮዲኮላ ገዝቶ ለዐፄ ምኒልክ አበረከተ ይባላል። እንግዲህ ሰይጣን የገባው በቤተ መንግሥት በር፣ በስጦታ መልክ ነው ማለት ነው።

ይህን ስም የምናነሣው አብዛኛውን ጊዜ አባቶቻችን ሥልጣኔን እንዴት ይፈሩ እንደነበር ለመሳቅ ነው። እኔ መሳቅ ካቆምኩ ቆየሁ። እኔም አንድ ሰይጣን ቤት ነበረኝ፤ አብርሃ ጅራ።

የአሥረኛ ክፍል ውጤት ያልመጣልኝ ዓመት ነው፤ 1995 ዓ.ም። ዲቁና ከተቀበልኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። እናቴ የማዳበሪያ ዕዳ ስለነበረባት ከአገሬ ልጆች ጋር ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወረድኩ። ከጎንደር በሳንጃ፣ ሶረቃን አልፈን፣ ያን ጊዜ በሰሜን ጎንደር ሥር የነበረችው፣ አሁን የምዕራብ ጎንደር የሆነችው አብርሃ ጅራ ገባን። ሙቀቱን የማያውቅ አያወራውም። ሰሊጥ ደግሞ ጊዜ የማይሰጥ እህል ነው። ትንሽ ከዘገዩበት ፍሬው ራሱን ከፍቶ መሬት ላይ ይራገፋል፤ ስለዚህ ባለሀብቱም ካቦውም በአጨዳ ሰሞን ቀልድ አያውቁም።

ከተማው ውስጥ አንድ ጭቃ ቤት ነበር። ከጓሮው ጄኔሬተር ይጮኻል፤ ከበሩ ላይ በጥቁር ሰሌዳ የፊልም ስም በጠመኔ ተጽፏል። ቀን ቀን የህንድ ፊልም፣ ሲመሽ ተኩስና ካራቴ፣ ሌሊት ደግሞ ስሙ ሰሌዳ ላይ የማይጻፍ ሌላ ነገር። መግቢያው ሁለት ብር። የመጀመሪያ ቀን ጓደኞቼ ናቸው የጎተቱኝ። ሁለተኛውን ቀን እኔ ቀደምኳቸው። ከሳምንት በኋላ ሌሊቱን አግዳሚ ላይ አሳልፌ ጠዋት ነዶ ሥር እተኛ ጀመር። ካቦው ያልሠራሁበትን ቀን እየቆጠረ ቆረጠብኝ፤ ደግ አደረገ። ወደ ደጋ ስመለስ ኪሴ ውስጥ የቀረው ከመኪና መሳፈሪያ ብዙም አይተርፍም ነበር።

የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። «አባቴ፣ ቪዲዮ ቤቱ አጠፋኝ» አልኳቸው።

«መግቢያው ስንት ነው?» አሉኝ።

«ሁለት ብር።»

«ቤቱ ነው ከኪስህ ያወጣው?»

ዝም አልኩ። ስግደት ያዙኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ስግደቱን አዘዙና ሌላም ጨመሩበት፤ የጠፋውን ብር ልክ፣ ሳልቀንስ፣ ለእናቴ በአፌ እንድነግራት። ስግደቱ ቀላል ነበር። እናቴ ሰምታኝ ምንም አልተናገረችም። በማግስቱ ያለችንን አንዲት በግ ገበያ ወሰደቻት።

ከዓመታት በኋላ የአውግስጢኖስን «ኑዛዜ» ሳነብ ከአንድ የማውቀው ሰው ጋር የተገናኘሁ መሰለኝ። አሊፒዮስ ይባላል፤ በ4ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ የአውግስጢኖስ ወዳጅ ነው። በካርታጎ ሳለ የትርኢት ፍቅር ይዞት ነበር፤ ከአውግስጢኖስ በሰማው ንግግር ተመልሶ ተወው። ሕግ ሊማር ሮም ሲሄድ ግን ጓደኞቹ ሰው ከሰው የሚገዳደልበት ትርኢት ጎትተው አስገቡት። ገላዬን ብትወስዱ ልቤን አትወስዱም ብሎ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ። ጆሮውን ግን አልደፈነም። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ሲጮኽ «ምን ሆነ?» ብሎ ገለጥ አደረገ፤ በዚያው ቀረ። ኋላ እሱ ራሱ ሌሎችን የሚጎትት ሆነ። አውግስጢኖስ በጓደኞቹ ብቻ አላመካኘም፤ ሰውዬው በራሱ ብርታት ተማምኖ ነበር ይላል። ይኸው አሊፒዮስ በ387 እ.ኤ.አ. ሚላን ላይ ከአውግስጢኖስ ጋር ተጠመቀ፤ በኋላም የትውልድ ከተማቸው የታጋስቴ ጳጳስ ሆነ። አንድ ጊዜ ተነሥቶ፣ ዳግም ወድቆ፣ እንደገና ተነሥቶ ማለት ነው። እኔ ያኔ በእምነት ማደግ ማለት ዲቁናዬን ይዤ ሳልወድቅ መኖር ይመስለኝ ነበር።

መሣሪያው ራሱ ወገን እንደሌለው ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1955 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ሥራ ጀመረ፤ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ያቋቋመው ነው። በ1969 ዓ.ም ደርግ ወረሰውና የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ አደረገው። ትናንት ወንጌል ያሰማ የነበረው ማሰራጫ ዛሬ መፈክር አሰማ። በሌላ በኩል በረሃ የገቡትን መነኮሳት እንይ። የማኅበረ ሥላሴ ገዳም ያለው ቋራ በረሃ ውስጥ ነው። መነኮሳት የሚያነቧቸው ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ በሰው ኅሊና ውስጥ ስለሚመላለሰው ሐሳብ የሚሉት ብዙ ነው። በጻፏቸው አባቶች ዘመን ጄኔሬተር አልነበረም።

የዛሬው ሰይጣን ቤት አግዳሚ የለውም፣ ሰሌዳም የለውም፤ ኪስ ውስጥ ነው። ባለፈው ዐቢይ ጾም ልጄ መጥቶ «አባዬ፣ ስልኬን ማታ ማታ ቆልፍብኝ፤ መተው አቃተኝ» አለኝ። ደስ አለኝ። ተቀብዬው ልሄድ ስል «የአንተንስ ማን ይቆልፈው?» አለ።

ሁለቱንም ብፌው ላይ አስቀመጥናቸው። አራት ሌሊት እዚያው አደሩ። በአምስተኛው ሌሊት ሄዶ ያነሣው ልጄ አልነበረም።