እርጥብ ሳር የያዙት ዲፕሎማቶች

«ጋሞ በተፈጥሮው ሰላም ወዳድ ሕዝብ ነው» የሚለውን አባባል አልወደውም። የሚሉት ሰዎች ሊያመሰግኑን ፈልገው እንደሆነ ይገባኛል። ግን እስቲ አስቡት፤ ሰላም በተፈጥሮ የሚመጣ ከሆነ ምኑ ይደነቃል? ታሪክ ያስተማርኳችሁ ልጆች ታስታውሳላችሁ፤ «በተፈጥሮው» የሚል ቃል ፈተና ወረቀት ላይ ካየሁ ቀይ እስክሪብቶዬ አያልፈውም ነበር።

ነገሩን ያነሳሁት በመስከረም 2011 ዓ.ም. እዚሁ አርባ ምንጭ የሆነውን ከአንዳንዶቻችሁ ጋር ስንጨዋወት፣ ሁሉም የሚያስታውሰው ፎቶውን ብቻ ሆኖ ስላገኘሁት ነው። የተንበረከኩ ሽማግሌዎች፣ በእጃቸው እርጥብ ሳር፣ ከፊታቸው የተቆጣ ወጣት። በቃ። ከፎቶው ጀርባ ያለው ግን የብዙ ዘመን ሥራ ነው።

መጀመሪያ የሆነውን እናስታውስ። ከመስከረም 4 እስከ 6 ባሉት ቀናት በቡራዩና በአካባቢው፣ አሸዋ ሜዳን ጨምሮ፣ ሰዎች ተገደሉ፤ ቤት ተዘረፈ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ተፈናቅለው አዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ተጠለሉ። ከተጎጂዎቹ ብዙዎቹ የጋሞና የሌሎች የደቡብ አካባቢ ተወላጆች ነበሩ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል ቢያንስ 58 ሰዎች እንደሞቱ ገለጸ፤ የመንግሥት ቁጥር ከዚያ ያነሰ ነበር። መርዶው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ እዚህ ለመድረስ ሰዓታት አልፈጀበትም። ሽሮ ሜዳ ወይም ቡራዩ ሸማኔ ዘመድ የሌለው የጋሞ ቤት ማግኘት እኮ ከባድ ነው።

ወጣቱ አደባባይ ወጣ። ቁጣው እዚህ ከተማ ወዳለው የኦሮሞ ተወላጆች ንብረትና ስሙ ከኦሮሚያ ጋር ወደተያያዘ ባንክ አመራ። ያኔ ነው ሽማግሌዎቹ መንገዱን የዘጉት። ዱላ አልያዙም፣ ፖሊስም አልጠበቁም። ሳሩን ወደ ላይ ይዘው አስፋልት ላይ ተንበረከኩ። ወጣቱም ተመለሰ።

ለምን ተመለሰ? «ሽማግሌ አክባሪ ስለሆነ» ማለት ግማሽ መልስ ነው። በጋሞ ወግ እርጥብ ሳር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ አልፎ መሄድ ጎሜ ነው። ጎሜን «ነውር» ብለን ብንተረጉመው ክብደቱን ያጣል። ነውር ሰው ካላየህ ያልፋል፤ ጎሜ ግን ማንም ባያይህም በልጅህ፣ በከብትህ፣ በማሳህ ላይ የሚወጣ ነገር ነው። ጂንስ ለብሶ ስማርት ስልክ የያዘው ልጅ ምን ያህል አምኖበት እንደሆነ አልመሰክርም። ግን እግሩ ቆሟል። ለታሪክ የሚበቃው እሱ ነው።

አሁን ወደ «በተፈጥሮው» ልመለስ። ደጋው ጋሞ በድሮው ጊዜ አንድ መንግሥት አልነበረም። ከ40 በላይ ደሬዎች ነበሩ፤ ዶርዜ፣ ዶኮ፣ ጨንቻ፣ ቦንኬ፣ ኦቾሎ፣ ሌሎችም፤ እያንዳንዱ የራሱ ሃላቃዎች፣ የራሱ ዱቡሻ ያለው። አብዛኞቹም ካዎ ነበራቸው። በ1880ዎቹ ዓ.ም. የምኒልክ ጦር እስኪመጣ ድረስ ደግሞ እርስ በርሳቸው ይዋጉ ነበር። የገደለ ሰው ይከበር ነበር። ስለዚህ ዱቡሻ ላይ የሚደረገው ሽምግልና፣ እርቁ፣ ወጉ ሁሉ ጦርነትን በደንብ የሚያውቁ ሰዎች የሠሩት ነው። ጎረቤትህ ዛሬ ጠላትህ ሆኖ ነገ ገበያ ላይ ታገኘዋለህ፤ ደጋው ጠባብ ነው፣ የትም አትሄድም። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የእርቅ ብልሃት ካላወጣህ ታልቃለህ።

ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ማርክ አቤሌስ ከአርባ ምንጭ ብዙም በማትርቀው፣ ዓለት ላይ በተሠራችው ኦቾሎ ተቀምጦ የሸንጎውን ንግግር አጥንቷል፤ መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። በኋላ የት ሄደ መሰላችሁ? የፈረንሳይን ፓርላማ ሊያጠና! እኔ በዚህ ቅደም ተከተል ሁሌም ደስ ይለኛል።

ሌላው ምክንያት ጥቅም ነው። ይህን ስል ቅር የሚላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ ግን ጥቅም ቆሻሻ ቃል አይደለም። የደጋው መሬት ለሕዝቡ ስላልበቃ ወንዱ ሽመና ይዞ ከተማ ወጣ። አዲስ አበባ ሁሉንም «ዶርዜ» እያለ ጠራው፤ በክብርም አልነበረም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጋሞ የሰው አገር እንግዳ ያለው ሕዝብ ነው። እዚህ ሴቻ ወይም ሲቀላ አንድ የኦሮሞ ሱቅ ቢቃጠል ዕዳውን የሚከፍለው ማነው? ቡራዩ የቀረው ሸማኔ ነው። ሽማግሌዎቹ የጎረቤትን ንብረት ሲጠብቁ የራሳቸውንም ልጆች እየጠበቁ ነበር። ይህን ያየ ሰው ዲፕሎማት ይባላል፤ ኤምባሲ ባይኖረውም።

ከሩቅ አንድ ምሳሌ ልጨምር። የኢራቅ ኩርዶችን እንውሰድ። በእነሱም ዙሪያ ያለው ጎረቤት በቁጥር ይበልጣቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1988 የሳዳም መንግሥት ሐላብጃ ላይ መርዝ ጋዝ ረጨባቸው። ከ26 ዓመት በኋላ፣ በ2014፣ አይሲስ ሞሱልን ሲይዝ ወደ ኩርዲስታን ከሸሹት መካከል በጣም ብዙ አረቦች ነበሩ፤ በሩም ተከፈተላቸው። አቀባበሉ እንከን አልነበረውም አልልም፣ አረቦች የተገፉባቸው ቦታዎችም ነበሩ። ግን በሩ ተከፍቷል። ዮርዳኖስ፣ ግብፅ፣ ኢምሬትስ፣ ኩዌት፣ ሳውዲ አረቢያ ኤርቢል ላይ ቆንስላ ከፍተዋል። በመስከረም 2017 ኩርዶቹ የነጻነት ሕዝበ ውሳኔ አካሄዱ፤ ከመራጩ ከ90 በመቶ በላይ «አዎ» አለ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ኪርኩክን አጡ። ከዚያ ወዲህ እንደገና ወደ ጎረቤት ደጅ፣ እንደገና ወደ ግንኙነት ማደስ። ትንሽ ሆኖ በትልልቆች መካከል የሚኖር ሁሉ ይህን ሥራ አንዴ ሠርቶ አይገላገለውም።

በእኛና በእነሱ መካከል አንድ ልዩነት አለ፤ እሱን ነው በጣም የምወደው። ሳሩ ትርጉም አላስፈለገውም። ለኦሮሞም እርጥብ ሳር የሰላምና የምስጋና ምልክት ነው፤ በዚያው ወር ቢሾፍቱ ላይ ኢሬቻ ሲከበር ሕዝቡ የያዘው ሳርና አበባ ነበር። የኦሮሞ እናቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በተጣሉ ሰዎች መካከል ሲገቡም አሠራሩ ያው ነው፦ መሣሪያ ሳይዙ መሃል መቆም፣ ተሻግሮ የሚሄደውን ሰው በወግ ማሰር። ፎቶውን ወለጋ ያለ ሽማግሌ ቢያየው የሚያስረዳው ሰው አይፈልግም። አንዱ ያልጻፈውን ደብዳቤ ሌላው አነበበው ማለት ነው።

እንግዲህ ማድነቅ ይብቃኝና የሚከነክነኝንም ልናገር። ይህ የምናወድሰው ዱቡሻ ሁሉንም ያስቀመጠ አልነበረም። ሸክላ ሠሪዎቹ ማናዎች፣ ብረትና ቆዳ ሠሪዎቹ ደጋላዎች ከማላው እኩል ተቀምጠው አልተናገሩበትም። ከማላው ጋር ጋብቻ የለም፣ መቃብር እንኳ በብዙ ቦታ ለየብቻ ነበር። ሴቶችም ዳር ነበሩ። ለሩቁ ኦሮሞ ጎረቤት የተንበረከከው ወግ ለቅርቡ ሸክላ ሠሪ ስንት ዘመን ቆሞ ኖረ? ሽማግሌዎቹን የማከብራቸውን ያህል ይህን ጥያቄ ዱቡሻ ላይ ቢያነሱልኝ ደስ ይለኛል። ማንሳት የጀመሩ ወጣቶች እንዳሉም አውቃለሁ፣ በርቱ።

ሌላው፣ ፎቶው ፍትህን መተካት የለበትም። ሽማግሌ በቀልን ያቆማል፤ ገዳይን መክሰስ ግን የሽማግሌ ሥራ አይደለም። ያን ሰሞን በየመድረኩ ሽማግሌዎቹን ያሞገሱ ባለሥልጣናት የሟቾቹን ቤተሰብ ስም ሲጠሩ እምብዛም አልሰማሁም።

ያን ቀን መንገድ ላይ የነበራችሁ፣ በተለይ ከሳሩ በዚህኛው በኩል ቆማችሁ የነበራችሁ ልጆች፣ ያያችሁትን ጻፉልኝ። ዛሬ ብዙዎቻችሁ ልጅ ወልዳችኋል። ስም አያስፈልግም፤ በውስጥ መስመርም ይሆናል። ከፊታችሁ የተንበረከኩት ሽማግሌ ምን እንዳሉ፣ በየትኛው ቋንቋ እንዳሉ፣ መጀመሪያ ወደ ኋላ የዞረው ማን እንደነበር ማወቅ እፈልጋለሁ። እሱ ፎቶው ላይ የለም።