አበባና መርገም

አንድ ነገር ሁለት ስም ሲኖረው፥ አንዱ የክብር፥ ሌላው የውርደት ሲሆን፥ ሕዝብ ስለዚያ ነገር ገና ልቡን አላሳረፈም ማለት ነው። በቋንቋችን ለሴት ልጅ በየወሩ የሚመጣው ደም በአንድ ወገን የወር አበባ ይባላል፤ በሌላ ወገን ደግሞ አደፍ፥ መርገምም ይባላል። አበባ ብሎ የሰየመው ሰው ከአበባው በኋላ ፍሬ እንደሚከተል አስተውሏል። መርገም ያለው ግን ደሙን እንጂ ፍሬውን አላየም።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በባቲ ከተማ መምህር ሳለሁ የሠራሁት ጥፋት ነው። በባቲ ሰኞ ቀን ገበያ ነው። ከደጋው እህል፥ ከቆላው ግመልና ፍየል ይመጣል፤ አማራው፥ ኦሮሞው፥ አፋሩ በአንድ ሜዳ ይገናኛል። ስለዚህ ሰኞ ተማሪ ሲቀር መምህር ሁሉ ምክንያቱን ሳይጠይቅ ያውቀዋል። ከሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቼ አንዲቱ ግን ሰኞ ብቻ ሳይሆን በየወሩ ሰባት ስምንት ቀን ትቀር ነበር። አንድ ቀን በመጣች ጊዜ፥ «ገበያው ይሻልሻል ወይስ ትምህርቱ?» ብዬ በልጆች ፊት ዘለፍኋት፤ ወደ ሰሌዳው እንድትወጣም አዘዝሁ። ነጠላዋን በወገቧ ጠምጥማ ከመቀመጫዋ አልነሣም አለች። እኔም እንቢተኛ መስላኝ ቃሌን ደገምሁ። በተነሣች ጊዜ ያየነውን ሁላችንም አየን፤ ወንዶቹም ሳቁ። ያቺ ልጅ ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ትምህርት ቤት አልተመለሰችም።

እናቲቱ ለእኔ መናገር ስላፈረች ለአንዲት መምህርት ነገሩን አጫወተቻት። ልጅቱ ከጀመራት አንሥቶ ደሟ አሥር ቀን ድረስ ይፈስ ነበር፤ ስትነሣ ያዞራታል፤ ፊቷም ገርጥቷል። «የሴት ዕጣ ነው» ተብሎ ወደ ሐኪም አልተወሰደችም። በሚቀጥለው ዓመት ተዳረች። እኔ ስለ አበባና ስለ ንብ በሰሌዳ ላይ ሥዕል እየሣልሁ የማስተምር ሰው፥ ከፊቴ የተቀመጠችው ልጅ ታማሚ መሆኗን አላወቅሁም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን በመጻሕፍት መርምሬአለሁ። ዘመኑን የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። መጀመሪያ የተረዳሁት ድንቍርናው የእኛ ብቻ አለመሆኑን ነው። በመጀመሪያው መቶ ዓመት የነበረው ሮማዊው ሊቅ ፕሊኒ ይህ ደም የወይን ጠጅን ያኮመጥጣል፥ ንብን ይገድላል ብሎ ጽፏል። በ1920 እንኳ ቤላ ሺክ የተባለ ስመ ጥሩ ሐኪም በደሙ ውስጥ አበባን የሚያጠወልግ መርዝ አለ ብሎ ነበር፤ በኋላ ግን እንዲህ ያለ መርዝ እንደሌለ ታወቀ። በአገራችንም በጎንደር አካባቢ የነበሩት ቤተ እስራኤል በወር አበባ ላይ ያለችን ሴት ከመንደሩ ዳር በተሠራ ጎጆ ለብቻዋ ያስቀምጡ ነበር። ካርል ኤርንስት ፎን ቤር የሴትን ዕንቍላል በአጥቢ እንስሳ አይቶ ያስታወቀው ገና በ1827 ነው። ሰው ከዚያ በፊት ሳያውቅ ይፈርድ ነበር።

ብዙ ሰው፥ «ሃይማኖት ይህን ነገር በአደባባይ እንዳንናገር ይከለክላል» ይላል። እኔ ግን ያገኘሁት ተቃራኒውን ነው። በወንጌል ዐሥራ ሁለት ዓመት ደም የፈሰሳት ሴት በሕዝብ መካከል የጌታን ልብስ በነካች ጊዜ፥ ጌታ ልጄ ብሎ አጽናንቶ ሰደዳት እንጂ አላሳፈራትም። በእስልምናም ሐዲስ እንደ ተጻፈው፥ ፋጢማ ቢንት አቢ ሑበይሽ የተባለች ሴት ደሟ አልቆም ቢላት ነቢዩን ልትጠይቅ ሄደች፤ እርሳቸውም ይህ ከደም ሥር የሚመጣ ነው እንጂ የወር ልማድ አይደለም ብለው ለይተው አስረዷት። አንባቢ ሆይ፥ ይህን አስተውል። ሴቲቱ ጠየቀች፤ መልስም አገኘች፤ ጤናውም ከሕመሙ ተለየላት። እኔ በሰባተኛ ክፍል ያላደረግሁት ይህንኑ ነበር። ደግሞም በእነዚህ ቀኖች ሴት ከሶላት ወይም ወደ ቤተ መቅደስ ከመግባት ትታቀባለች እንጂ፥ ከፊደል ትታቀብ ያለ የለም።

የልጃገረዶች ትምህርት በአገራችን ገና ወጣት ነው። የወሎ ተወላጅ የነበሩት እቴጌ መነን በስማቸው የሚጠራውን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ የከፈቱት በ1931 ነው። ለሴት ልጅ ከፊደል ጋር ስፌትና ባልትና ማስተማር ተለመደ፤ ስለ ገዛ አካሏ ማስተማር ግን ዘገየ። በአሜሪካ አገር በ1946 የዲስኒ ኩባንያ ስለ የወር አበባ ለተማሪዎች የሚታይ ፊልም ሠራ፤ ያሠራውም ሞዴስ ሻጭ ድርጅት ነበር። ፊልሙ ብዙ ልጃገረዶችን ከድንጋጤ አድኗል፤ ነገር ግን በሥዕሉ ላይ ደሙን ነጭ አድርጎ አሳየ። እውነቱን ለመናገር የተነሣ ሰው እንኳ ከቀለሙ አፈረ ማለት ነው።

በእኛ አገር ነገሩ ምን ያህል እንደሚጐዳ በ2014 የታተመ አንድ ጥናት ያሳያል። በሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ ከተጠየቁት 595 ተማሪዎች ከእኩሌታ የሚበልጡት በወር አበባቸው ጊዜ ከትምህርት እንደሚቀሩ ተናገሩ። ፍሬወይኒ መብራህቱ የተባለች ኢትዮጵያዊት መሐንዲስ በ2009 በመቀሌ ታጥቦ ደጋግሞ የሚያገለግል ሞዴስ የሚሠራ ፋብሪካ አቋቋመች፤ በ2019ም ስለ ሥራዋ የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተባለች። ጨርቁ ብቻውን ግን አይበቃም። የእኔ ተማሪ ሞዴስ ቢኖራት እንኳ ሕመሟ አይታወቅላትም ነበር።

ስለዚህ ትምህርት ቤት ጤናውን ከሕመሙ መለየት ያስተምር። ከአንዱ የወር አበባ መጀመሪያ እስከ ሌላው መጀመሪያ ለአዋቂ ሴት ከ21 እስከ 35 ቀን ነው፤ ገና ለጀመራት ልጅ እስከ 45 ቀን ቢዘገይ አያስደነግጥም። ደሙ ከ2 እስከ 7 ቀን ይቈያል። ከዚያ ካለፈ፥ ሞዴሱ በየሰዓቱ የሚርስ ከሆነ፥ ልጅቱን ካዞራት፥ ወይም 15 ዓመት ሞልቷት ካልመጣላት ሐኪም ይያት። ብዙ ደም የሚፈሳት ልጅ ብረት ይጐድላታል፤ አንዳንዲቱም ደሟ ቶሎ የማይረጋ በሽታ ይዟት ይሆናል። ማሕፀን ሽፋኑን ለመጣል ሲኮማተር ቁርጠት መሰማቱ የተለመደ ነው። በመድኃኒት የማይታገሥና ከሥራ የሚያስቀር ሕመም ግን ኢንዶሜትሪዮሲስ ሊሆን ይችላል፤ ይህም በመውለጃ ዕድሜ ካሉት ሴቶች ከመቶ ዐሥሩን ያህል ይይዛል።

ለባቲ ሌላም ነገር አለ። ጎረቤታችን በሆነው በአፋር፥ በ2016 በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፥ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ከመቶ 91ዱ የተገረዙ ናቸው። ሴቲቱ ተሰፍታ መውጫው ከጠበበ ደሙ በውስጥ ይቋጥራል፤ ሕመሙም ብርቱ ነው። የ2004ቱ የወንጀል ሕግ ግርዛትን ቢከለክልም፥ ሕግ ሕመምተኛዋን ፈልጎ አያገኛትም፤ የምትጠይቃት መምህርት ግን ታገኛታለች። ትምህርቱም ልጅቱ በምትሰማው ቋንቋ፥ በኦሮምኛ፥ በአማርኛ፥ በአፋርኛ ይሁን።

«ልጅን ነውር ታስተምራለህ» የሚለኝ ወላጅ አለ። ነውሩ የእኔ ክፍል ሳቅ ነበር እንጂ የልጅቱ ደም አልነበረም። እነዚያ ወንዶች ልጆች የሳቁት ክፉዎች ስለ ሆኑ ሳይሆን ማንም ስላላስተማራቸው ነው፤ እኔም ከእነርሱ አልሻልም ነበር። ስለዚህ ወንዶቹም አብረው ይማሩ፤ ነገ ባሎች፥ አባቶች፥ መምህራንም ይሆናሉና።

በዓመቱ ከዚያችው መምህርትና ከአንዲት አዋላጅ ጋር ሆነን ትምህርቱን ጀመርን። በመጀመሪያው ቀን በልጆች ፊት ቆሜ ጥፋቴን ተናገርሁ። ማንም አልሳቀም። ከትምህርቱ በኋላ ሦስት ልጃገረዶች ወደ አዋላጇ ቀርበው በሹክሹክታ ጠየቋት፤ አንዲቱም ወደ ጤና ጣቢያ ተላከች። አባቶች፥ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። በሽታው የሚደበቀው ግን የሚሰማ ሲጠፋ ነው። መዝጊያ ያለው መጸዳጃ፥ ውሃ፥ ንጹሕ ጨርቅ፥ የምታምናት አንዲት መምህርት፤ ልጅቱ የምትፈልገው ይህን ያህል ነው። አበባ ብለን ስም ካወጣንለት፥ እንደ አበባ እንጠብቀው።