የተማሪዎች የቤት ኪራይ በባሕር ዳር

የተማሪዎች የቤት ኪራይ በባሕር ዳር በከተማዋ ከፍተኛ ትምህርት የሚከታተሉና በዩኒቨርሲቲ ማደሪያ (ዶርም) የማይኖሩ ተማሪዎች ከግለሰቦች ክፍል ተከራይተው የሚኖሩበት አሠራር ነው። ባሕር ዳር በጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ የምትገኝ የአማራ ክልል ርዕሰ ከተማ ናት። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከከተማዋ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የተማሪ ኪራይ በብዛት በቃል ስምምነት ስለሚፈጸም ተከራይን ለመጠበቅ የወጡ ሕጎች ተማሪውን በሚገባ አይደርሱትም። ይህ ክፍተት ለከተማዋ እንግዳ የሆነውን፣ በተለይም ከሌላ አገር የመጣውን ተማሪ ይበልጥ ይጎዳል።

ዳራ

በባሕር ዳር ለከፍተኛ ትምህርት መሠረት የጣለው በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተከፈተው የፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ነው። ቆይቶም የመምህራን ማሠልጠኛ የሆነው የፔዳጎጂ አካዳሚ ተቋቋመ። ሁለቱ ተቋማት በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። የከተማው ሰው ግን ግቢዎቹን እስከ ዛሬ በድሮ ስማቸው አሳጥሮ «ፖሊ» እና «ፔዳ» ይላቸዋል። ዩኒቨርሲቲው እየሰፋ ሲሄድ ዘንዘልማንና ይባብን የመሳሰሉ ሌሎች ግቢዎች ተጨመሩ። በዚህም የተነሳ ቤት ፈላጊ ተማሪ በመጀመሪያ የሚጠየቀው «የየትኛው ግቢ ተማሪ ነህ?» ተብሎ ነው።

የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 በግል ቤት አከራይቶ ገቢ ማግኘትን ከልክሎ ነበር። በዚያ ዘመን ቤት ያጣ ሰው ከሌላው ጋር በደባልነት ይኖር ነበር። እገዳው ከጊዜ በኋላ ላልቶ የግል ኪራይ ተስፋፍቷል። የቀበሌ ቤቶች ኪራያቸው ዝቅተኛ ስለሆነ የያዛቸው ሰው በቀላሉ አይለቃቸውም፤ ስለዚህ የተማሪው ዋና አማራጭ የግለሰብ ግቢ ነው።

ቤት ፈላጊዎቹ

በመንግሥት ተመድበው የሚመጡ የመጀመሪያ ዲግሪ መደበኛ ተማሪዎች በአብዛኛው በዶርም ይኖራሉ። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የወጪ መጋራት ሥርዓት መሠረት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፣ የትምህርቱን ደግሞ በከፊል ከተመረቀ በኋላ ከገቢው የመክፈል ግዴታ ይገባል። ማደሪያው ወዲያውኑ ገንዘብ ባይጠየቅበትም የነጻ ስጦታ አይደለም።

ከዶርም ውጭ የሚኖሩት ልዩ ልዩ ናቸው፦ የግል ኮሌጅ ተማሪዎች፣ የማታና የቅዳሜና እሑድ ተማሪዎች፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች፣ በክረምት የሚሠለጥኑ መምህራን እንዲሁም በራሳቸው ፍላጎት ዶርም የለቀቁ ተማሪዎች ይገኙበታል። እነዚህ ሁሉ ለአንድ ዓይነት ክፍል ይሻማሉ። የተማሪው ተፎካካሪ ተማሪ ብቻም አይደለም፤ ለሥራ ወደ ከተማዋ የመጡ ወጣት ሠራተኞችም ተመሳሳይ ክፍል ይፈልጋሉ።

የቤቶቹ ዓይነትና አቀማመጥ

ለተማሪ የሚከራየው ብዙውን ጊዜ ባለቤቱ በሚኖርበት ግቢ ውስጥ ከዋናው ቤት ጀርባ ወይም ጎን የተሠራ አንድ ክፍል ሰርቪስ ቤት ነው። ሽንት ቤቱ፣ የውኃ ቧንቧውና የመብራት ቆጣሪው በጋራ ናቸው። ሁለት ወይም ሦስት ተማሪዎች አንድ ክፍል ተጋርተው ኪራዩን ይካፈላሉ።

ለግቢዎቹ የቀረቡ ሰፈሮች ተፈላጊ ናቸው። ራቅ ያለ ቤት ኪራዩ ቢረክስም የባጃጅ ወጪው ልዩነቱን ሊበላው ይችላል። ባሕር ዳር ሜዳማ በመሆኗ ብስክሌት ያለው ተማሪ ከሌላው ይልቅ ራቅ ብሎ መከራየት ይችላል። ዘንዘልማ ግን ከዓባይ ማዶ በጎንደር መንገድ ከመሀል ከተማ ወጣ ብሎ ስለሚገኝ፣ እዚያ የሚማር ሰው መሀል ከተማ መከራየቱን በየቀኑ መንገድ ይከፍልበታል።

ርቀት ከገንዘብ በላይ የሚሆንበት ጊዜም አለ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በባሕር ዳር የሰዓት እላፊ ገደብ አስከትሎ ነበር። እንዲህ ባለ ወቅት ከቤተ መጻሕፍት ወይም ከማታ ትምህርት ወደ ሩቅ ሰፈር መመለስ አስቸጋሪ ይሆናል።

ቤት የማግኛ መንገዶች

ቤት የሚገኘው በሦስት መንገድ ነው፤ በሚያውቁት ሰው፣ በደላላ ወይም በቴሌግራም ማስታወቂያ። ከሚወጣ ተማሪ ክፍሉን መረከብ የደላላ ኮሚሽን ስለሚያስቀርና ስለ አከራዩ አስቀድሞ ለማወቅ ስለሚረዳ የተሻለ ነው። ደላላ ቤት በፍጥነት ያገኛል፤ ነገር ግን ክፍያውን የሚያገኘው ኪራዩ ሲፈጸም በመሆኑ ተከራዩ አመዛዝኖ እንዲወስን ጊዜ ለመስጠት አይቸኩልም። በቴሌግራም የሚለጠፉ ክፍሎች ላይ የተለመደው ማጭበርበር ቤቱ ሳይታይ ቀብድ ማስላክ ነው።

ክፍል ሲታይ የሚጣሩ ጉዳዮች የሚከተሉት ናቸው፦
- ውኃ በየስንት ቀኑ እንደሚመጣና ማጠራቀሚያ መኖሩ
- የመብራት ሒሳብ በሰው ቁጥር ወይስ በፍጆታ እንደሚከፈል፣ በምድጃ ማብሰል የተፈቀደ መሆኑ
- የግቢው በር ማታ የሚዘጋበት ሰዓትና እንግዳ ማስገባት
- በክረምት ጎርፍ ወደ ግቢው መግባቱ
- የመስኮቱ ሁኔታና የአጎበር መስቀያ፣ ከተማዋ የወባ ሥጋት ስላለባት

ውልና ሕግ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀብድ ግልጽ ደንብ አለው። ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለው ወገን ከተወ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ተማሪው ይህን መብት ለመጠየቅ ገንዘቡን ስለመስጠቱ ደረሰኝ፣ የባንክ ማስረጃ ወይም የተፈረመ ወረቀት ያስፈልገዋል።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። የውሉ ዘመን ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ጭማሪ የሚደረገው በዓመት አንድ ጊዜ ሲሆን፣ ተቆጣጣሪው አካል መጠኑን በየዓመቱ ሰኔ 30 ያስታውቃል። በክልሎች አዋጁ የሚሠራው ክልሎቹ በሚወስኗቸው ከተሞች ነው።

ይሁንና የሕጉና የተማሪው የቀን መቁጠሪያ አይገጣጠሙም። ተማሪ የሚከራየው በትምህርት ዓመት ሲሆን ክረምት ሲገባ ብዙው ወደ ቤተሰቡ ይመለሳል። ለክረምቱ ወራት ባዶ ክፍል ኪራይ መክፈል ወይም ክፍሉን ለቅቆ በመስከረም እንደገና መፈለግ ይኖርበታል። በቃል የተከራየ ተማሪ በአዲሱ ዓመት ጭማሪ ሲነገረው የሚያቀርበው ሰነድ የለውም። ፈተና በቀረበበት ሳምንት ቤት መልቀቅ ደግሞ የትምህርት ውጤትን እስከ መጉዳት ይደርሳል። በእጅ የተጻፈና በምስክሮች ፊት የተፈረመ አንድ ገጽ ውል እንኳ የኪራዩን መጠን፣ የሚከፈልበትን ቀንና የመልቀቂያ ማስጠንቀቂያውን ጊዜ ስለሚያሳይ ከምንም ይሻላል።

የውጭ አገር ተማሪዎችና ስደተኞች

አከራዮች ከተከራይ የቀበሌ መታወቂያና ተያዥ መጠየቃቸው የተለመደ ነው። ከሌላ ክልል የመጣ ተማሪ በአገር ልጅ ወይም በዘመድ በኩል ተያዥ ሊያገኝ ይችላል፤ የውጭ አገር ተማሪ ግን ሁለቱም ላይኖሩት ይችላሉ። ቋንቋ ካልቻለም በዋጋ ድርድር ይጎዳል። ስለዚህ ፓስፖርት፣ የመኖሪያ ፈቃድና ተማሪ መሆኑን የሚገልጽ የተቋሙ ደብዳቤ ይዞ መቅረብ፣ ከተቻለም ቋንቋውን ከሚያውቅ የክፍል ጓደኛ ጋር ቤቱን ማየት ይጠቅመዋል።

በስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 መሠረት በኢትዮጵያ ዕውቅና ያገኙ ስደተኞች የመማርና የመዘዋወር መብት አላቸው። በጀርመን መንግሥት ድጋፍ በ1992 እ.ኤ.አ. የተጀመረውና በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን የሚተዳደረው ዳፊ የተባለው የትምህርት ዕድል በኢትዮጵያም ስደተኛ ተማሪዎችን ይደግፋል። ድጋፉ ክፍያን እንጂ ተያዥን አይተካም።

የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ በአገሪቱ በሕጋዊ መንገድ ለሚኖሩ የውጭ ዜጎችም ይሰጣል፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም ለስደተኞች መሰጠት ጀምሯል። መታወቂያው የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ያገለግላል። ኪራይን በባንክ መክፈል ደግሞ የጽሑፍ ውል ለሌለው ተማሪ መክፈሉን የሚያሳይ ማስረጃ ይሆነዋል።