የመድኃኒት ፍርሃት ለቀዶ ሕክምና ምክንያት ይሆናልን?

ኦሜፕራዞልና መሰሎቹ ጽኑ ቃርን እንደሚያስታግሱ የሚጠራጠር ስለሌለ ወደዚያ አልገባም። የሚያከራክረው ጉዳታቸው ነው። ክርክሩን ያጋጋለውም ጎምና ባልደረቦቹ በ2016 እ.ኤ.አ. በጀርመን የጤና መድን መዝገብ ላይ ተመሥርተው ያወጡት ጥናት ነው። ዕድሜያቸው 75 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 73,679 ሰዎችን አጥንተው፣ መድኃኒቱን አዘውትረው በሚወስዱት ዘንድ የመርሳት በሽታ ሥጋት በ44 በመቶ ከፍ ብሎ ማግኘታቸውን ገለጹ። ከቁጥሩ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቡ የሚጀምረው መድኃኒቱን መተው በሽታውን ለመከላከል ሊያግዝ ይችላል ሲሉ ነው። የመድን መዝገብ የታዘዘውን ክኒን ይቆጥራል እንጂ ሰውየው ምን ያህል እንደተማረ ወይም ምን እንደሚመገብ አይነግርም። ክኒን የበዛበት አዛውንት ደግሞ ቀድሞውኑ ሕመም የበዛበት ነው። ደራስያኑ ስትሮክን፣ ድብርትንና ስኳርን በስሌታቸው አካትተዋል፤ መዝገቡ ያልያዘውን ግን የትኛውም ስሌት አያመጣውም።

ለዚህ መልሱ እምብዛም ሲጠቀስ የማይሰማው የሞያዲና የባልደረቦቹ የ2019 ጥናት ነው። 17,598 የልብና የደም ሥር ሕሙማን ከኦሜፕራዞል መሰሎች አንዱ የሆነው ፓንቶፕራዞል ወይም ማስመሰያ ክኒን በዕጣ ደርሷቸው ለሦስት ዓመት ያህል ክትትል ተደረገላቸው። በጉልህ የጨመረው የአንጀት ኢንፌክሽን ብቻ ነበር፤ 1.4 በመቶ ከ1.0 በመቶ ጋር። በመርሳት በሽታ ልዩነት አልታየም። ሦስት ዓመት አጭር ነው የሚሉ አሉ። ይሁን፤ የዘመን ርዝመት ግን የተዛባ ንጽጽርን አያቀናም። የማግኒዚየም ማነስን የመሰለ ብርቅ ጉዳት አሁንም ጥንቃቄ እንደሚሻ አልክድም።

እንግዲህ የመድኃኒቱ ፍርሃት ብቻውን በቂ ምክንያት ካልሆነ፣ የላላውን የጨጓራ አፍ የሚያጠብቀው ቀዶ ሕክምና የሚገባው ለማን ነው? ስፔክለርና ባልደረቦቹ በ2019 በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች መድኃኒት አልሠራልንም ያሉ 366 ሕሙማንን መረመሩ። 42ቱ ኦሜፕራዞልን በቀን ሁለት ጊዜ በሥርዓቱ ሲወስዱ ተሻላቸው፤ የ99ኙ ቃር ደግሞ ከአሲድ መመለስ የመጣ አልነበረም። እነዚህ ሁሉ በፍርሃት ብቻ ቢቀደዱ ኖሮ ትርፋቸው ምን ነበር? ተጣርተው ዕጣ ከደረሳቸው 78 ሰዎች መካከል ግን ቀዶ ሕክምናው በ67 በመቶው ሲሳካ፣ ጠንከር ያለው የመድኃኒት ሕክምና 28 በመቶ ላይ ቀረ። በ2011 የታተመው የአውሮፓ ሎተስ ሙከራ መድኃኒት ለሚስማማቸው ሕሙማን ሌላ ሥዕል ያሳያል፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ሕመማቸው እንደታገሠ የቆየው የኦሜፕራዞል መሰል በሆነው ኢሶሜፕራዞል 92፣ በቀዶ ሕክምናው 85 በመቶ ነበሩ። የመዋጥ ችግርም በተቀደዱት 11፣ በሌሎቹ 5 በመቶ ሆነ። ሆኖም የበሉት ወደ አፍ መመለሱ ከተቀደዱት 2 በመቶውን ሲያስቸግር፣ መድኃኒት ከሚወስዱት 13 በመቶውን ያስቸግር ነበር። ክኒን አሲዱን ይቀንሳል እንጂ የላላውን የጨጓራ አፍ አያጠብቅምና፣ የቀዶ ሐኪም ትክክለኛ ሕመምተኛ የበላው ወደ አፉ እየተመለሰ የሚያስቸግረው ነው።