የቤት ኪራይ ውል አፈታት በአገራችን፤ ከ1952 እስከ 2016 ዓ.ም.

ስለ ቤት ሲነሣ እኛ መሐንዲሶች አስቀድመን የምናየው መሠረቱን፣ ግድግዳውንና ጣሪያውን ነው። የከተሞቻችን ቤቶች ለምን እንዲህ ፈጥነው እንዳረጁ ሲመረመር ግን፣ ባለቤትና ተከራይ በምን ሕግ ይለያዩ እንደ ነበር ሳይጠይቁ ማለፍ አይቻልም።

ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ሲሆኑ፣ ስለ ቤት ኪራይ ራሱን የቻለ ክፍል አለው። ዘመኑ የተወሰነ ውል ዘመኑ ሲደርስ ያበቃል። ዘመኑ ያልተወሰነውን ግን ከሁለቱ ወገኖች ማንኛቸውም አስቀድመው በማስታወቅ ሊያቋርጡት ይችላሉ። የሕጉ ብልኅነት ጎልቶ የሚታየው በሦስተኛው ሁኔታ ነው፤ ይኸውም ዘመኑ ካለፈ በኋላ ተከራዩ አከራዩ እያወቀና ሳይቃወም በቤቱ ከቀጠለ፣ ዘመኑ ላልተወሰነ ጊዜ እንደ ታደሰ ይቆጠራል። እንግዲህ ወራት ዝም ብሎ የከረመ አከራይ አንድ ቀን ጠዋት ተነሥቶ «ውልህ አልቋል» ሊል አይችልም። ኪራይ ያልከፈለ ተከራይ እንኳ የመክፈያ ቀነ ገደብ ያለው ማስጠንቀቂያ ይገባዋል።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ነገሩን ከሥሩ ለወጠው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ ለአንድ ቤተሰብም አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ተፈቀደ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ገቡ፤ የዝቅተኞቹም ኪራይ ተቀነሰ። ለብዙ ድኃ ቤተሰብ ይህ ከፍተኛ እፎይታ ነበር፤ ማንም ሊክደው አይገባም። ነገር ግን ውሉን ለማቋረጥ የሚሻ ወገን ጠፋ። ጥቂት ብር የሚከፍል ተከራይ ለምን ይለቃል? ቀበሌውስ በዚያች ኪራይ ስንት ቆርቆሮ ይገዛል? ቤቱ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ወጋግራው በምስጥ ተበላ፤ ግድግዳው አዘመመ፤ ኪራዩ ግን ባለበት ቆየ።

የእነዚህ ቤቶች ኪራይ በብዛት የተቋረጠው በማስጠንቀቂያም በፍርድም አይደለም፤ በመፍረስ ነው። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ እንደ ልደታ ያሉ ሰፈሮች በመልሶ ማልማት ሲነሡ፣ ለቀበሌ ቤት ተከራዮች የጋራ መኖሪያ ቤት ወይም ሌላ የቀበሌ ቤት ይቀርብላቸው ነበር። ዳኛ ያላቋረጠውን ውል የእኛ ሙያ ንድፍ አቋረጠው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

በግል ኪራይ በኩል ደግሞ ሌላ ልማድ ሥር ሰደደ። ውሉ ብዙውን ጊዜ በቃል ወይም በደላላ ፊት በተጻፈች አንዲት ወረቀት የሚያልቅ በመሆኑ፣ ተከራይን ማስወጣት የፈለገ አከራይ «ውጣ» ማለት አያሻውም፤ «ኪራይ ጨምር» ማለት ይበቃዋል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የወጣው የአስቸኳይ ጊዜ ደንብ ተከራይን ማስወጣትንና ኪራይ መጨመርን አብሮ መከልከሉ፣ ሁለቱ አንድ መሆናቸው የተስተዋለ ያስመስለዋል።

ይኸው አስተሳሰብ በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 ሰፍቶ ይታያል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ተደርጎ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዝዛል፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይወስናል፤ የኪራይ ጭማሪንም በዓመት አንድ ጊዜ በሚወጣ የመንግሥት ውሳኔ ይገድበዋል። አከራዩ ከዘመኑ በፊት ውሉን ማቋረጥ የሚችለው በአዋጁ በተዘረዘሩት ምክንያቶች ነው። በእኔ አስተያየት ጭማሪው ባይገደብ ኖሮ ሁለት ዓመት የሚለው ቃል ከወረቀት ባላለፈ ነበር።

አዋጁ የሚመለከተው መኖሪያ ቤትን ነው። የሱቅና የቢሮ ኪራይ፣ የብዙ ባልደረቦቻችን የንድፍ ቢሮዎች ጭምር፣ ዛሬም በ1952ቱ ሕግ ይተዳደራል። ስለዚህ የቢሮው ውል ዘመን አልፎ ሳያድስ ዝም ብሎ የተቀመጠ ባልደረባ ያለው፣ አከራዩ በማስታወቂያ ሊያቋርጠው የሚችል ውል ነው።