ብርቱካናማው ፖንቲያክና ወረቀቱ

ድንበር ላይ ዕቃ የሚያሻግር ሰው ሁለት ነገር አብሮ ያያል፤ ዕቃውንና ወረቀቱን። መኪና ሲሆን ደግሞ የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር፣ ናይሮቢ ከሆንን ከሎግቡኩ ጋር ቁጥር በቁጥር እናመሳክራለን። ስለዚህ የዛሬው ታሪክ የሩቅ አገር ቢሆንም ለእኛ እንግዳ አይሆንም። አሜሪካ ውስጥ አንድ ተራ ፖንቲያክ እንዴት «ዳኛ» እንደሚሆን፣ ይህም መቼ ሙያ መቼ ማጭበርበር እንደሚባል እናወጋለን። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው 1964 ላይ ነው። ጀነራል ሞተርስ በዚያ ጊዜ መካከለኛ መጠን ባላቸው መኪኖቹ ላይ ከ330 ኪዩቢክ ኢንች የበለጠ ሞተር እንዳይገጠም ከልክሎ ነበር። ፖንቲያክ ቤት ይሠሩ የነበሩት ጆን ደሎሪያን፣ ቢል ኮሊንስና ረስ ጊ ግን ቀዳዳ አገኙ። ክልከላው መኪናውን እንጂ ደንበኛው ከፍሎ የሚያስጨምረውን ዕቃ አይነካም። ስለዚህ ከትልልቆቹ ፖንቲያኮች 389 ኪዩቢክ ኢንች (6.4 ሊትር ገደማ) ሞተር ወስደው በትንሹ ቴምፔስት ላይ ገጠሙና «ጂቲኦ» ብለው፣ 300 ዶላር በማይሞላ ጭማሪ፣ እንደ ኦፕሽን ሸጡት። አምስት ሺህ ያህል ይሸጣል ተብሎ የታሰበው በመጀመሪያው ዓመት 32,450 ተሸጠ። ስሙ ራሱ የተዋሱት ነው፤ ፌራሪ ከ40 ያነሱ አድርጎ ከሠራው የውድድር መኪና ላይ የተወሰደ። እንግዲህ በዚህ ቤተሰብ የመጀመሪያው አስመሳይ ጂቲኦ ራሱ ነው ብንል ብዙ አልተሳሳትንም።

በ1966 ጂቲኦ ራሱን የቻለ ሞዴል ሆነና የሻንሲ ቁጥሩ በ242 መጀመር ጀመረ። «ዳኛው» የመጣው ለ1969 ሞዴል ነው። ፕሊመዝ ሮድ ራነር የሚባል ርካሽና ፈጣን መኪና አውጥቶ ገበያውን ሲሻማቸው፣ ፖንቲያኮች በጊዜው በቴሌቪዥን ይታይ ከነበረ «ላፍ ኢን» ከሚባል የቀልድ ፕሮግራም ስም ወስደው «ዘ ጀጅ» አሉት። ብርቱካናማ ቀለም፣ ጎኑ ላይ ባለቀለም ጭረት፣ ከኋላ ክንፍ፣ ከኮፈኑ ሥር 400 ኪዩቢክ ኢንች፣ 366 የፈረስ ጉልበት ያለው ራም ኤር ሦስት ሞተር። ዋጋው ከጂቲኦው በላይ 332 ዶላር። በዚያ ዓመት ከተሠሩት 72,287 ጂቲኦዎች መካከል ዳኛ የሆኑት 6,833 ብቻ ናቸው፤ ከእነዚህም ጣሪያቸው የሚታጠፈው 108።

ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ዳኛው እንደገና ኦፕሽን ነበር። የሻንሲ ቁጥሩ ጂቲኦ መሆኑን ይናገራል፣ ዳኛ መሆኑን ግን አይናገርም። ተለጣፊ፣ ክንፍና ቀለም ደግሞ ማንም ይገዛል።

ከዚያ በኋላ የኢንሹራንስ ክፍያ ናረ፣ የጭስ ሕግ ጠበቀ፣ በ1973 ነዳጅ ጠፋ፤ ጂቲኦ በ1974 አበቃ። ብዙዎቹ መኪኖች በወጣቶች እጅ ተጋጭተው፣ ሞተራቸው ተነቅሎ፣ በየጓሮው ዝገው ቀሩ። እነዚያ ወጣቶች ሸምግለው ገንዘብ ሲይዙ የልጅነታቸውን መኪና ፈለጉ፤ ዋጋው ሰማይ ወጣ፣ 6,833ም ለሁሉ አልበቃም። እንግዲህ ትሪቢዩት የሚሉት፣ ለመታሰቢያ የተሠራው ዳኛ፣ ከዚህ ፍላጎት ተወለደ።

አሠራሩን ጋራዥ የዋለ ሰው ያውቀዋል። ተራ ጂቲኦ ወይም ወንድሙ የሆነው ሌማንስ ይገዛል፤ የሌማንስ ቁጥር በ237 ይጀምራል፣ ቦዲው ግን ያው ነው። ቀለሙ እስከ ላሜራው ተገፎ ዝገቱ ይፈለጋል፦ የሻንጣው ወለል፣ ከኋላ ጎማ በስተጀርባ፣ ከኋላ መስታወት ሥር። ጥሩ ሠራተኛ የበሰበሰውን ቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበይዳል፤ ሰነፉ በስቱኮ ይደፍናል፣ ስቱኮ ደግሞ ሁለት ክረምት አይሻገርም። ሌማንሱ ከሆነ የፊት ፓራውልቱም ይቀየራል፤ የጂቲኦው ኢንዱራ ይባላል፣ ቀላል ግጭት ሲያገኘው ወደ ቅርጹ የሚመለስ፣ ከመኪናው ጋር አንድ ቀለም የተቀባ ነው። ሞተሩ ከሌላ የዘመኑ ፖንቲያክ ይመጣል። ይህም ይታወቃል፤ ከ1968 ጀምሮ ሞተሩ ላይ የተወለደበት መኪና ቁጥር በከፊል ይታተም ነበርና፣ መጤ ሞተር የሌላ ሰው መታወቂያ እንደያዘ ይኖራል።

«ኦርጅናል ካልሆነ ምን ዋጋ አለው?» የሚሉ አሉ። እኛ አንስማማም። እውነተኛውን ዳኛ የያዘ ሰው ዝናብ ሲያካፋ ጋራዥ ይቆልፍበታል፤ ትሪቢዩት የያዘው ይነዳዋል። ኮፒን ኮፒ ብሎ በኮፒ ዋጋ የሸጠ ፎርጂድ አልሸጠም። ቁጥሩን መፋቅ ወይም ሳህኑን መቀየር ግን ሌላ ነገር ነው፤ በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ እስከ አምስት ዓመት ያሳስራል።

ይበልጥ የምንፈራው ሦስተኛውን ሽያጭ ነው። የሠራው ሰው «ትሪቢዩት ነው» ብሎ ይሸጣል። ገዢው ሲሸጥ ቃሏን በማስታወቂያው ግርጌ በትንሽ ፊደል ይጽፋታል። ሦስተኛው «ዳኛ» ብቻ ይላል፣ ምናልባትም ራሱ አምኖበት። ከመካከላችን አንዱ የፍሬን ሸራ በካርቶን የተረከበው እንዲሁ ነበር፤ አስመጪው ኮፒ መሆኑን ለደላላው ነግሮታል፣ ደላላው ጋ ሲደርስ ወሬው ቆመ። ኪሳራው የእኛ፣ ቅሬታው የደንበኛ ሆነ።

በፖንቲያክ ላይ ይህን ዝምታ የሚሰብር ወረቀት መኖሩ ዕድል ነው። ፖንቲያክ ሂስቶሪክ ሰርቪስስ የሚባለው ድርጅት ከ1961 እስከ 1986 የተሠሩትን መኪኖች የፋብሪካ ደረሰኝ ይዟል። የሻንሲ ቁጥር ሰጥቶ የከፈለ ሰው፣ መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ምን ምን ተገጥሞለት እንደነበር የሚያሳይ ቅጂ ያገኛል። የዳኛው ኦፕሽን ደረሰኙ ላይ ካለ አለ፤ ከሌለ ብርቱካናማው ቀለም ምንም አያደርግም። ጀነራል ሞተርስ የፖንቲያክን ስም በ2010 ቀብሮታል፣ ደረሰኞቹ ግን ዛሬም ይጠየቃሉ። ከሌማንስ የተሠራውን ዳኛ በሾፌሩ በኩል በፊት መስታወት አሻግሮ ያየ ሰውም፣ ዳሽቦርዱ ላይ ካለችው ትንሽ ሳህን 237 ብሎ የሚጀምር ቁጥር ያነባል።