ፖፒ፦ ለሞተው መታሰቢያ፣ ለተረፈው መተዳደሪያ

የጦርነት ሙታን የሚታሰቡበት ኅዳር 2 ሲቃረብ ብዙ እንግሊዛውያን ልብሳቸው ላይ የሚሰኳትን ቀይ አበባ፣ ፖፒን፣ አንዳንዶች የጀግንነት ምልክት፣ ሌሎች የጦርነት ማወደሻ ይሏታል። አጀማመሯ ግን ሌላ ነገር ይመሰክራል፤ የሞተውን የሚያስብ ሰው የተረፈውን ይጡር ከሚል ሐሳብ ተነሣች። ፖፒ በቤልጅግና በሰሜን ፈረንሳይ እርሻ የምትበቅል አረም ናት። ዘሯ ለዓመታት አፈር ውስጥ ይቆይና መሬቱ ሲገለበጥ ይበቅላል፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መድፍ ያረሰው ሜዳ በቀይ አበባ የተሸፈነው ለዚህ ነው። ካናዳዊው ሐኪም ጆን ማክሬ በ1915 እ.ኤ.አ. ግጥም ገጠመላት፤ አሜሪካዊቷ ሞይና ማይክል በ1918 ለመታሰቢያ ሰካቻት። ፈረንሳዊቷ አና ጌራን ግን በጦርነቱ ለተጎዱ የአገሯ ልጆች መርጃ የጨርቅ ፖፒ ትሸጥ ነበር፤ በ1921 ሐሳቧን የብሪታንያ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ተቀበለ። በዚያው ዓመት ሽያጭ ከ100 ሺህ ፓውንድ በላይ ተሰበሰበ። በማግስቱ ዓመት ሻለቃ ጆርጅ ሃውሰን አካላቸው የጎደለ ወታደሮች አበባዋን የሚሠሩበትን ፋብሪካ ለንደን ውስጥ አቋቋመ፤ አንድ እጅ ብቻ የቀረው ሰው እንኳ እንዲገጣጥማት ታስቦ ተሠራች። በፈረንሳይም ሰማያዊዋን የመታሰቢያ አበባ መጀመሪያ የሠሩት ቁስለኞች ናቸው።

ልጃቸውን ያጡ እናቶች ፖፒን የገዙት ለሐዘናቸው እንጂ ለሌላ ሰው እንጀራ አልነበረም ይባል ይሆናል። ሐዘኑ እርግጥ ነው። ብሪታንያ በጦር ሜዳ የወደቁት አስከሬናቸው ወደ አገር እንዳይመለስ ከልክላ ስለነበር፣ ብዙዋ እናት የምታለቅስበት መቃብር አጠገቧ አልነበራትም። ነገር ግን የዚህችው እናት ሳንቲም እግሩን አጥቶ ለተመለሰው የሌላ እናት ልጅ ደመወዝ ሆነ፤ ሁለቱን መለየት አይቻልም። ከዚህ የከበደው ተቃውሞ የመጣው ከሐዘንተኞቹ መካከል ነው። በ1933 የሴቶች የኅብረት ሥራ ማኅበር የሰላም ምልክት ብሎ ነጭ ፖፒ አወጣ፤ ከአባላቱ ብዙዎቹ ባልና ልጅ ያጡ ነበሩ። የቀዩዋ እምብርት በሶም ውጊያ ያን ሁሉ ወጣት ያስፈጀውን የጦር አዛዥ የሄግን ስም እስከ 1994 ይዛ መቆየቷ ጦርነትን ታወድሳለች የሚለውን ሥጋታቸውን ትክክል ያደርገዋል። አበባዋን ያልሰካ ሰው ሲወገዝም፣ በፈቃድ የተጀመረው ስጦታ ግብር ይሆናል፤ ይህን እኔም እቃወማለሁ። ፖፒ የመንግሥትን ዕዳ በሕዝብ ምጽዋት ሸፈነች ለሚሉት ግን መልሴ ሌላ ነው። ወቀሳው መንግሥትን ይመለከታል፤ በ1922 ሥራ አጥቶ የተቀመጠ ቁስለኛ የምክር ቤት ውሳኔ እስኪወጣ ጾሙን ሊያድር አይችልም ነበር።